ሙሽራው የጠፋበት ፎቶ

(ድምፅ፦ ፍላሽ ኃይል ሲያጠራቅም የሚያሰማው ቀጭን ፉጨት፤ ከዚያ ቀጭ የምትል የካሜራ ድምፅ)

አሁን የሰማችኋት ቀጭን ፉጨት የወባ ትንኝ አይደለችም። በአራት ባትሪ ድንጋይ የሚሠራ አሮጌ ፍላሽ ነው፤ ኃይሉን እያጠራቀመ ነው። ዕድሜያችሁ ከአርባ ካለፈ ይህችን ፉጨት በሠርግ ቤት፣ በክርስትና ድግስ፣ በምርቃት ቀን ሰምታችኋታል። ፎቶ አንሺው «እንዳትንቀሳቀሱ!» ይላል። ፉጨቷ እየቀጠነች ሄዳ ትጠፋለች፣ ፍላሹ ጀርባ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ትበራለች፣ ከዚያ ቦግ! ለጥቂት ጊዜ ሁሉም ሰው ዓይኑ ላይ የተለጠፈ ክብ እያየ ይደናበራል።

የዛሬው ዝግጅታችን ስለዚያች ብልጭታ ነው። ለፊልም ካሜራ የሚስማማ ፍላሽ እንዴት ይመረጣል?

አንዳንዶቻችሁ የአባታችሁን ወይም የአጎታችሁን ካሜራ ከቁም ሳጥን ሥር አውጥታችሁ፣ አቧራውን አራግፋችሁ፣ ፊልም አጉርሳችሁት ይሆናል። ፀሐይ እስካለች ድረስ ችግር የለም። ቤት ውስጥ ሲገባና ሲመሽ ግን «ፍላሽ ያስፈልገኛል» ይባላል፤ ወዲያውም «ይሄ ፍላሽ እኔ ካሜራ ላይ ይገጥማል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ይከተላል።

መግጠሙማ ይገጥማል። የፍላሽ እግርና ካሜራው አናት ላይ ያለችው ማስገቢያ፣ ባለሙያዎቹ ሆት ሹ የሚሏት፣ ከጥቂት ካሜራዎች በስተቀር በዓለም ዙሪያ ልካቸው አንድ ነው። የጃፓኑ ፍላሽ የጀርመኑ ካሜራ ላይ ሸርተት ብሎ ይገባል። ብርሃኑም ቦግ ይላል። እኔን ያሳሳተኝም ይኸው ነበር።

የራሴን ጥፋት ልናዘዝላችሁ። ከዓመታት በፊት የአክስቴ ልጅ ስታገባ ፎቶ ላነሳ ቃል ገባሁ። የለመድኩት ካሜራ ፔንታክስ ኬ1000 ነበር፤ በዚያ ሰሞን ግን እጄ ላይ ስላልነበረ ከጎረቤት ዜኒት ተዋስኩ። ዜኒት የሶቪየት ሥሪት፣ ከባድ፣ ሚስማር ቢመቱበት የማይሰበር የሚመስል ካሜራ ነው። ፍላሹን በገመድ አገናኘሁት። የፍጥነት ማዞሪያውን እጄ እንደለመደው 60 ላይ፣ ማለትም የሰከንድ አንድ ስልሳኛ ላይ፣ አደረግኩት። ሙሽሮቹ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ እኔ ቦግ፣ ቦግ እያደረግኩ ሁለት ጥቅል ፊልም ጨረስኩ። ፍላሹ አንድም ጊዜ አላኮረፈም።

ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ፣ በሁሉም ፎቶ ላይ ሙሽራዋ ወለል ብላ ትታያለች። ሙሽራው ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ግን እንደ ከሰል ጠቁሯል። በስህተት የጨለመ አይመስልም፤ በማስመሪያ ተሰምሮ በጥቁር ቀለም የተሸፈነ ነው የሚመስለው። አክስቴ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አገላብጣ ስታበቃ ቀና ብላ፣ «አንተ ልጅ፣ ሙሽራው የት ሄደ?» አለችኝ።

ሙሽራው የትም አልሄደም፤ መጋረጃ ጋርዶት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። በእንዲህ ዓይነት ካሜራዎች ውስጥ፣ ከፊልሙ ፊት ለፊት፣ ሁለት ትንንሽ መጋረጃዎች አሉ። ቁልፉን ስትጫኑ የመጀመሪያው መጋረጃ ሮጦ ፊልሙን ይገልጣል፤ ሁለተኛው ተከትሎ ይሮጥና ይሸፍነዋል። ሹተር የሚባለው ይኸው ነው። ፍጥነቱ ዝግ ያለ ሲሆን የመጀመሪያው መጋረጃ መንገዱን ጨርሶ፣ ሁለተኛው ገና ሳይነሳ፣ ፊልሙ ሙሉ በሙሉ የሚገለጥባት ቅጽበት አለች። ፍጥነቱ ሲጨምር ግን ሁለተኛው የመጀመሪያውን እግር በእግር ይከተለዋል። በመካከላቸው የምትቀረው ጠባብ ክፍተት ብቻ ናት፤ እሷ ክፍተት ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር ትጠርገዋለች።

ለፀሐይ ብርሃን ይህ ችግር አይደለም፤ ፀሐይ ሳትቋረጥ ታበራለችና ክፍተቷ የትም ብትሆን ብርሃን ታገኛለች። የፍላሽ ብልጭታ ግን ዕድሜዋ ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ያህል ነው፤ ብዙ ጊዜም ከዚያ ታንሳለች። ስለዚህ ፊልሙ ሙሉ በሙሉ በተገለጠባት ቅጽበት ካልፈነዳች፣ የምታበራው ክፍተቷ ያለችበትን ቦታ ብቻ ነው። የተቀረው በመጋረጃው ጥላ ይቀራል። ፔንታክስ ኬ1000 እስከ 60 ድረስ ፊልሙን ሙሉ በሙሉ ይገልጣል። የተዋስኩት ዜኒት ግን ከ30 በላይ አይችልም። እኔ በ60 ሳነሳ ሁለተኛው መጋረጃ ቀድሞ ደርሶ የፊልሙን እኩሌታ ሸፍኖ ነበር። ሙሽራው በዚያ በኩል ተቀምጦ ነበርና እሱ ላይ ወደቀ።

ፍላሹ አልተበላሸም፣ ካሜራውም ደህና ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍላሽና ካሜራ ሳገናኝ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። በየትኛው ፍጥነት ይገናኛሉ? «አሁን አብራ» የሚለው ምልክት በምን በኩል ያልፋል? ብርሃኑ በቃ የሚለውስ ማን ነው?

ከፍጥነቱ እንጀምር፤ ጀምረነዋልም። ካሜራችሁን አውጡና የፍጥነት ማዞሪያውን እዩት። ከቁጥሮቹ አንዱ በተለየ ቀለም ተጽፏል፣ ወይም አጠገቡ የመብረቅ ምልክት አለ፣ ወይም ኤክስ የምትባለዋ ፊደል አለች። የፍላሽ ጣሪያችሁ እሱ ነው። በካነን ኤኢ-1 60 ነው። በፔንታክስ ኤምኢ ሱፐር 125 ነው። ኒኮን ኤፍኤም2 በ1982 (ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሲወጣ 200 ነበር፤ በኋላ የመጣው ወንድሙ 250 ደረሰ። ለዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነው። እንደ ሃሰልብላድ 500ሲ፣ እንደ ሮሌፍሌክስ፣ እንደ ያሺካ ማት ያሉት ደግሞ መዝጊያቸው ሌንሱ ውስጥ ስለሆነ መጋረጃ የሚባል ጣጣ የለባቸውም፤ እስከ 500 ድረስ በፈለጋችሁት ፍጥነት ከፍላሽ ጋር ይሠራሉ።

ልብ በሉ፣ ቁጥሩ ጣሪያ ነው። ከእሱ በታች መውረድ ይቻላል። እንዲያውም የሻማ ብርሃን ባለበት ክፍል ከ60 ወደ 15 ብትወርዱ ፍላሹ ፊትን ያበራል፣ ሻማዎቹ ደግሞ ከኋላ ሞቅ ያለ ቀለማቸውን ይሰጧችኋል። እጃችሁ እንዳይንቀጠቀጥ ብቻ።

አሁን አንድ ሙከራ ልስጣችሁ። ፊልም አያስፈልገውም፣ ገንዘብም አያስወጣም። እኔ ከሠርጉ በፊት ባውቀው ኖሮ አክስቴ ፊት አላፍርም ነበር። ፊልም የሌለበትን ካሜራ የኋላ ክዳን ክፈቱ። የሌንሱን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ክፈቱት። ፍላሹን አያይዙና ካሜራውን ወደ ነጭ ግድግዳ አዙሩ። ዓይናችሁን ከኋላ፣ ፊልሙ ይቀመጥ በነበረበት በኩል አድርጋችሁ ቁልፉን ተጫኑ። ሙሉው አራት ማዕዘን ቦግ ብሎ ከታየ ተስማምተዋል። ግማሹ ብቻ ከበራ ፍጥነቱን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉና ድገሙ። ምንም ካልታየ፣ ፍላሹ ግን ከፈነዳ፣ ሌላ በሽታ አለ ማለት ነው፤ አሁን ወደ እሱ ልንመጣ ነው።

(ሙዚቃ፦ አጭር መሸጋገሪያ)

ሁለተኛው ጥያቄ የምልክቱ መንገድ ነው። ካሜራው አናት ላይ ያለችው ማስገቢያ መሐሏ ላይ አንዲት የብረት ነጥብ ካለች ሕይወት አላት፤ ፍላሹን በቀጥታ ታናግራለች። ነጥብ የሌላት ከሆነች ፍላሽ ከመሸከም ሌላ ሥራ የላትም። ያን ጊዜ በካሜራው ፊት ወይም ጎን ላይ ያለችውን ትንሽ ክብ ቀዳዳ ፈልጉ፤ የፒሲ ገመድ የሚገባው እዚያ ነው። በነገራችን ላይ ፒሲ የሚለው ስም ከኮምፒውተር ጋር ዝምድና የለውም። ፕሮንቶርና ኮምፑር ከተባሉ ሁለት የጀርመን መዝጊያዎች ስም የመጣ ነው። ብዙ አሮጌ የሶቪየት ካሜራዎች በዚህች ቀዳዳ ብቻ ይሠራሉ፤ ስለዚህ ለእነሱ ፍላሽ ስትገዙ ገመድ የሚቀበል መሆኑን ወይም አብሮት ገመድ መኖሩን እዩ። ገመዷ ቀጭን ናት፤ ውስጧ ቶሎ ይበጠሳል፤ «ፍላሹ ሞተ» ከሚባሉት ስንቱ በገመዷ ጥፋት ነው የተቀበረው።

አንዳንድ ካሜራ ላይ ቀዳዳዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዷ ኤክስ፣ ሌላዋ ኤም ትባላለች። ወይም ቀዳዳዋ አንድ ሆና በኤክስና በኤም መካከል የምትንቀሳቀስ ትንሽ መምረጫ አለች። ይህች ኤም የሚሏት ነገር የአያቶቻችን ዘመን ቅርስ ናት። በ1887 ጀርመኖቹ አዶልፍ ሚተና ዮሐንስ ጌዲከ ማግኒዚየም ያለበት የሚንቦገቦግ ዱቄት ሠሩ። ፎቶ አንሺ ዱቄቱን ሲያቀጣጥል ጭሱ ክፍሉን ይሞላ ነበር፤ ቅንድቡ የተቃጠለበትም አለ። በ1929 አካባቢ እዚያው ጀርመን አምፑል መጣ፤ አንድ ጊዜ ቦግ ብሎ የሚጣል። በ1931 ደግሞ አሜሪካዊው ሃሮልድ ኤጀርተን ዛሬ የምናውቀውን የኤሌክትሪክ ብልጭታ ለፎቶ አዋለው።

ያ የሚጣል አምፑል አንድ ጠባይ ነበረው፤ ሰነፍ ነበር። ተለኩሶ ብርሃኑ ጫፍ እስኪደርስ የሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ኤም ላይ ያለ ካሜራ ለአምፑሉ «ተነስ» የሚለው መዝጊያው ከመከፈቱ ቀደም ብሎ ነው። የኤሌክትሪኩ ፍላሽ ግን ሰነፍ አይደለም፤ ሲባል ወዲያው ይፈነዳል። ኤም ላይ ካገናኛችሁት መዝጊያው ሳይከፈት አብርቶ ይጨርሳል። ሁሉም ሰው ብልጭታውን ያያል፤ ፊልሙ ብቻ አያየውም። በሙከራችን ምንም አልታየም ያልነው በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ይኼ ነው። ኤክስ ላይ አድርጉት፣ አለቀ።

ሸርተት ብሎ የማይገባባቸው ጥቂቶች አሉ ብዬ ነበር። ኒኮን ኤፍ3 የፍላሽ ማስገቢያው ፊልም መጠቅለያው ላይ የተቀመጠ ለየት ያለ ቅርጽ ነው፤ ተራ ፍላሽ ያለ አስማሚ አይቀበልም። ሚኖልታም በ1988 ከ7000አይ ካሜራ ጀምሮ የራሱን ቅርጽ አወጣ። እነዚህን የያዛችሁ ወይ የራሳቸውን ፍላሽ፣ ወይ አስማሚውን ፈልጉ።

አንድ አደጋም አለ፣ ከምልክቱ ጋር የሚሄድ። ካሜራው ፍላሹን የሚያናግረው ሁለት ብረቶችን በማነካካት ነው። በእነዚያ ብረቶች መካከል ፍላሹ የራሱን ቮልቴጅ ያሳርፋል። አዳዲሶቹ ፍላሾች ላይ ከ5 ወይም ከ6 ቮልት ብዙም አይበልጥም። አሮጌዎቹ ላይ ግን ከ200 ቮልት በላይ የሆኑ አሉ። ቪቪታር 283 የተባለው በሠርግ ፎቶ አንሺዎች ዘንድ ስመ ጥር ፍላሽ ቀደም ያሉት ሥሪቶቹ ከነዚህ ናቸው፤ በኋላ የተሠሩት ግን ቮልቴጃቸው ዝቅ ያለ ነው። እንደ ዜኒት ወይም ኬ1000 ያለ ማነካኪያው ተራ ብረት የሆነ ካሜራ ይህን ይችለዋል፤ ድሮም የተሠራው ለእነዚያ ፍላሾች ነው። ውስጡ በኤሌክትሮኒክስ የተሞላ የኋለኛው ዘመን ካሜራ ግን ሊቃጠል ይችላል። ዲጂታል ካሜራ ላይማ አሮጌ ፍላሽ ሳይለኩ መሰካት፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እብደት ነው። መለኪያው ቀላል ነው። ማንኛውም ራዲዮ ጠጋኝ ቴስተር አለው። ፍላሹ ሙሉ ቻርጅ አድርጎ ሳለ የቴስተሩን ቀይ ጫፍ እግሩ መሐል ካለችው ነጥብ፣ ጥቁሩን በጎን ካለው ብረት አድርጉ፤ ቁጥሩን አንብቡ። አንዱን ጫፍ ነጥቧንና ጎኑን አገናኝቶ ካስነካችሁት ፍላሹ ይፈነዳል፤ አትደንግጡ፣ ዓይናችሁን ብቻ አርቁ። ፍላሹን ግን በምንም ምክንያት አትፍቱት። ውስጡ ያለው ካፓሲተር 300 ቮልት ገደማ ይይዛል፤ ድንጋዩ ከወጣ በኋላም ይቆያል።

(ድምፅ፦ ፍላሹ ደግሞ ሲያፏጭ)

ሦስተኛውና ሰፊው ጥያቄ፣ ብርሃኑን ማን ይለካል? እዚህ ላይ ነው ገንዘብ የሚባክነው።

መለካቱ የእናንተ ከሆነ ፍላሹ ማኑዋል ይባላል። ሁልጊዜ ያው መጠን ያበራል፤ እናንተ ሌንሱን ትከፍታላችሁ፣ ትዘጋላችሁ። ለዚህ የፍላሹን ጉልበት የሚናገር ጋይድ ነምበር የሚሉት ቁጥር አለ። እርሳስ ያዙ። ቁጥሩን በርቀት ስታካፍሉት የሌንሱ ቀዳዳ የሚቀመጥበት ቁጥር ይመጣል። የፍላሹ ቁጥር 28 ነው እንበል፣ ፊልሙም ባለ 100 ነው። ሰውየው 5 ሜትር ላይ ከቆመ፣ 28 ለ5 ሲካፈል 5.6። ሌንሱን 5.6 ላይ አድርጉ። 2 ሜትር ተኩል ከቀረበ 11፤ 10 ሜትር ከራቀ 2.8። ባለ 400 ፊልም ከጫናችሁ ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል፤ 28 የነበረው 56። ያን ጊዜ 10 ሜትር ላይ ያለውን ሰው በ5.6 ታነሱታላችሁ።

ሻጮች በዚህ ቁጥር ያታልላሉ። ሁልጊዜ ውሸት ነው አልልም፤ ግን ጠይቁ። በሜትር ነው በፉት? ቪቪታር 283 በፉት 120 ይባላል፤ በሜትር ሲሆን 36 ገደማ ነው። አዳዲሶቹ ደግሞ ብርሃኑን እንደ ቱቦ አጥብበው፣ ለረጅም ሌንስ አድርገው የለኩትን ትልቅ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ይጽፋሉ። ለድግስ የምትጠቀሙበት ሰፋ ያለ ሌንስ ሲሆን ቁጥሩ በጣም ይወርዳል።

ማኑዋል ጥሩ ነው፤ ሰው ግን አንድ ቦታ አይቆምም። እስክስታ የሚወርድ ሰው ርቀቱን እየለካችሁ ልታካፍሉ? ለዚህ ነው ሁለተኛው ዓይነት የተፈጠረው፤ አውቶ ይባላል። ፍላሹ ፊቱ ላይ ትንሽ ዓይን አለችው። ብልጭታው ሰውየው ላይ ነጥሮ ሲመለስ ዓይኗ ታየዋለች፤ «በቃ» ስትል ብርሃኑ ይቆረጣል። ታይሪስተር ያላቸው ደግሞ የተረፈውን ኃይል ለሚቀጥለው ፎቶ ያስቀምጡታል፤ ድንጋይ አይበሉም፣ ቶሎም ይደግማሉ። ካሜራው ምንም ማወቅ አይጠበቅበትም፤ «አብራ» ካለ በቂ ነው። እናንተም ፍላሹ ጀርባ ላይ ያለው ሰንጠረዥ የሚነግራችሁን ቁጥር፣ 4 ወይም 5.6 ወይም 8፣ ሌንሱ ላይ ታስቀምጣላችሁ፤ ከዚያ ከአንድ ሜትር እስከ አምስት ስድስት ሜትር ድረስ ሰው ቢመጣ ቢሄድ ሐሳብ የለባችሁም።

አንድ ሞኝነት ግን አለባት፤ ዓይኗ ሰው መሆኑን አታውቅም፤ የምታውቀው ብዙ ብርሃን ተመለሰ ወይስ ትንሽ የሚለውን ብቻ ነው። እኛ ደግሞ በበዓል ነጭ እንለብሳለን። አሥር ሴቶች በሀበሻ ቀሚስና በነጠላ ፊቷ ሲቆሙ ያ ሁሉ ነጭ ብርሃኑን መልሶ ይደፋባታል። «በቃ! በዛ!» ብላ ትቆርጠዋለች። ነጠላው ጥሩ ይወጣል፣ ጥለቱ እንኳ ይነበባል፤ ፊቶቹ ግን ይጨልማሉ። በአልበሞቻችን ውስጥ ስንት እናት ከነጠላዋ ውስጥ ፊቷ ጠፍቶ ተቀምጣለች! መድኃኒቱ ቀላል ነው። ፍላሹ 5.6 አድርግ ካለ እናንተ ሌንሱን ከፈት አድርጋችሁ 4 ላይ አድርጉ። የጥምቀት ለት ይህን አትርሱ። የተገላቢጦሹ ደግሞ የምርቃት ጥቁር ጋዋን ነው፣ ወይም ከኋላ ምንም የሌለበት የሌሊት ሜዳ። ዓይኗ ጨለማ አይታ «ጨምር፣ ጨምር» ትላለች፣ ፊት ይነጣል። ያን ጊዜ 5.6 ካለ ዘጋ አድርጋችሁ 8 ላይ አድርጉ። የቀለም ነጋቲቭ ፊልም ብርሃን ሲበዛበት ይችላል፣ ሲያንስበት ግን አይምርም፤ ስትጠራጠሩ ወደ መክፈቱ አድሉ።

ሌላው ከአውቶ ፍላሽ የምፈልገው ነገር አንገቱ ወደ ላይ መታጠፍ መቻሉ ነው። በቀጥታ ፊት ላይ የተተኮሰ ብርሃን ላብን ያብለጨልጫል፣ ዓይንን ያቀላል፣ ከኋላ ግድግዳ ላይ እንደ ጅብ ያለ ጥላ ያቆማል። አንገቱን ወደ ነጭ ኮርኒስ ስታቀኑት ብርሃኑ ከላይ እንደ መስኮት ብርሃን ለስልሶ ይወርዳል። ሁለት ነገር ግን አስተውሉ። አንደኛ፣ አንገቱ ሲታጠፍ ዓይኗ አብራ መታጠፍ የለባትም፤ ወደ ሰዎቹ ማየቷን መቀጠል አለባት። አንዳንድ ርካሽ ፍላሽ ላይ አብራ ትዞርና ኮርኒሱን ትለካለች። ሁለተኛ፣ ድንኳን ውስጥ አታድርጉት። ሰማያዊ ሸራ ሥር ብርሃኑን ወደ ላይ ከላካችሁ ሰማያዊ ሆኖ ነው የሚመለሰው። የሠርግ ሚዜዎች ሁሉ የበረዳቸው መስለው የሚወጡት ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ቲቲኤል ነው። እዚህ የሚለካው ካሜራው ራሱ ነው፣ በሌንሱ ውስጥ የገባውን ብርሃን። በ1975 ኦሊምፐስ ኦኤም-2 ብልጭታው ፊልሙ ላይ አርፎ ሲነጥር እዚያው ካሜራው ውስጥ ለክቶ ፍላሹን ማቆም ቻለ። ግሩም ሥራ ነው። ግን ቋንቋ ይፈልጋል፤ የኦሊምፐስ ፍላሽ ከኒኮን፣ የኒኮኑ ከካነን ጋር አይግባባም። መሐል ካለችው ነጥብ ዙሪያ የምታዩአቸው ትንንሽ ነጥቦች የዚህ ንግግር መስመሮች ናቸው፤ ቦታቸው ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያል።

ዲጂታል ሲመጣ ደግሞ ቋንቋው ራሱ ተለወጠ። ፊልም እንደ ወረቀት ብርሃንን በትኖ ይመልሳል፤ የዲጂታል ሴንሰር እንደ መስታወት ነው፤ በእሱ ላይ የነጠረውን መለካት አስቸጋሪ ሆነ። ስለዚህ ፋብሪካዎቹ ዋናው ብልጭታ ከመምጣቱ በፊት ትንሽ የመሞከሪያ ብልጭታ ልኮ መለካትን መረጡ። ኒኮንም የያዘው መንገድ ይኸው ነው። የድሮ ፊልም ካሜራ ያን የመሞከሪያ ብልጭታ አያውቀውም። ኤስቢ-800 እና ኤስቢ-600 የተባሉት የኒኮን ፍላሾች ሁለቱንም ቋንቋ ይናገራሉ፤ ተከትሎ የመጣው ውዱ ኤስቢ-900 ግን የፊልሙን ቋንቋ ረስቷል። እንግዲህ ውጭ አገር ያለ ዘመድ «ፍላሽ ልላክልህ፣ የቱን?» ሲል «የመጨረሻውን ሞዴል» ብሎ የሚመልስ ሰው፣ ብዙ ብር የወጣበትን ዕቃ ያለ ቲቲኤል ሊጠቀምበት ነው። ይሠራል፣ አይበላሽም፤ ግን ያ ሁሉ ብልሃት አፉን ዘግቶ ይቀመጣል።

የኔ ፍርድ እንግዲህ ይኸው ነው፤ ለፊልም ካሜራ ብልሃቱ ባነሰ ቁጥር ፍላሹ ይስማማል። ካሜራችሁ ቲቲኤል ያለው ከሆነና የዘመኑን የራሱን ፍላሽ ካገኛችሁ እሰየው፣ ግዙት። ለተቀረነው ግን ከ1970ዎቹና ከ80ዎቹ የቀረ፣ አንገቱ የሚታጠፍ፣ ታይሪስተር ያለው አውቶ ፍላሽ፣ ቮልቴጁ ከተለካ፣ ከየትኛውም ፋብሪካ ይሁን፣ በቂ ነው። መርካቶ በአሮጌ ዕቃ ተራ ይገኝ ይሆናል፤ ልዋጭ የሚዞር ሰው ጆንያ ውስጥም ሊኖር ይችላል። ዋጋው ከአዲሱ ጋር አይወዳደርም።

ስትገዙ መጀመሪያ የድንጋይ ቤቱን ክፈቱ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ካለ ድንጋይ ፈሶበታል ማለት ነው። ጥቂት ከሆነ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ በነካ ጥጥ ይጸዳል፤ ከአልካላይን ድንጋይ የሚወጣው ፈሳሽ በአሲድ ይከሽፋልና። ብረቱን በልቶት ከሆነ ግን ተዉት። ከዚያ አዲስ ድንጋይ ከኪሳችሁ አውጡ፤ የሻጩን ድንጋይ አትመኑ። ለዓመታት የተቀመጠ ፍላሽ የመጀመሪያውን ቻርጅ ለመጨረስ አንድ ደቂቃም ሊፈጅበት ይችላል፤ ካፓሲተሩ አንቀላፍቷል። አምስት ስድስት ጊዜ አስሞልታችሁ ስታፈነዱት እየነቃ፣ ጊዜው እያጠረ ከመጣ ደህና ነው። ካላጠረ አይገዛም። በአውቶ ላይ አድርጋችሁ መዳፋችሁን ከዓይኗ ፊት አቅርባችሁ አፈንዱት፤ ከዚያ መዳፋችሁን አንስታችሁ ወደ ጨለማ ጥግ አፈንዱት። የመጀመሪያው ደከም፣ ሁለተኛው በረታ ካለ ዓይኗ ታያለች። ሁለቱም አንድ ከሆኑ ታውራለች፤ በማኑዋል ብቻ ነው የሚሠራላችሁ፣ ዋጋውንም በዚያው ልክ ተከራከሩ።

ዛሬ ማታ ያንን የኋላ ክዳን ከፍታችሁ ነጭ ግድግዳ ላይ ሞክሩት። ሠርግ ያለባችሁ ደግሞ ሙሽሮቹ ሳይቀመጡ ሞክሩት። ስትጨርሱም ድንጋዮቹን ከፍላሹ አውጥታችሁ ለብቻ አስቀምጡ፤ ውስጡ የተረሳ ድንጋይ መፍሰሱ አይቀርም።

(ድምፅ፦ ፉጨት፤ ቀጭ)